ጥርት ባለ ሰማይ የተዘጋ ጉልላት

ከተራራው፣ ጥቅምት 6

እማዬ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እንደ ልማድሽ «ስንት ኪሎ ሆነሻል?» እንዳትዪኝ። እዚህ ሚዛን የለም፤ ያለው የቴሌስኮፑን መስታወት የምናነሣበት ክሬን ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ከቶን በታች ያለውን ሰው አይቆጥረውም።

ደብዳቤዬ ስለዘገየ ይቅርታ። የሐሙሱ መኪና ሁለት ጊዜ ያለ እኔ ፖስታ ወረደ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ደውዪልኝ እንዳትዪኝ፤ በስልክ ስናወራ ገና ሳንጨርስ እንደምንጣላ ሁለታችንም እናውቀዋለን። በወረቀት ሲሆን ቢያንስ ተራ እንጠባበቃለን።

«ሰው ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲለኝ ምን ልበል?» ላልሽው ደግሜ ልንገርሽ። እኔ ኮከብ አላገኝም። ኮከብ የሚያገኙት ተመራማሪዎቹ ናቸው፤ ከያሉበት ይመጣሉ፣ ጥቂት ሌሊት ይሰጣቸዋል፣ ዓይናቸው ቀልቶ ይወርዳሉ። እኔ ኦፕሬተር ነኝ። ቴሌስኮፑን ወደሚፈልጉት ኮከብ የማዞረው፣ ሲመሽ ጉልላቱን የምከፍተው፣ ሲነጋ የምዘጋው እኔ ነኝ። መስታወቱ ስፋቱ ከሳሎንሽ ይበልጣል፤ ፊቱ ላይ ያለው የአልሙኒየም ልባስ ግን አንቺ ከምትሰፊው ከየትኛውም ሻሽ ይሳሳል። ጤዛ ካረፈበት ከአቧራው ጋር ተቦክቶ ልባሱን ይበላዋል። ስለዚህ ነፋስ ሲበረታ፣ አቧራ ሲነሣ ወይም እርጥበቱ ከተወሰነው መስመር ሲያልፍ ጉልላቱ ይዘጋል። ዝጊ ብሎ የሚያዘኝ የለም፣ አትዝጊ ብሎ የሚከለክለኝም የለም። የጣቢያው ሕግ ነው፦ ኦፕሬተሩ «እዘጋለሁ» ካለ፣ ከጎኑ የተቀመጠው የፈለገው ሊቅ ይሁን፣ መጀመሪያ ይዘጋል፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ ወንበር ላይ ደረቴን ነፍቼ እንደምቀመጥ አልደብቅሽም። ከማን እንደወረስኩት ታውቂዋለሽ።

እኛ የምናየውን ሰማይ አንቺ ጣሪያሽ ላይ ብትወጪም አታዪውም። የደቡብ ሰማይ ስለሆነ ከአድማስሽ በታች ይቀራል። ሁለት የተነጠፉ ጉሞች አሉ፤ ትልቁ ደመናና ትንሹ ደመና እንላቸዋለን። ሲያዩዋቸው ዝናብ የያዙ ይመስላሉ፤ ግን እያንዳንዳቸው ሙሉ የከዋክብት አገር ናቸው።

የዋና ኦፕሬተርነቱ ነገር ገና ነው። ታኅሣሥ ላይ ይታወቃል ተብሏል። እባክሽ፣ እስከዚያ ለአክስቴ እንዳትነግሪያት።

ፕሮፌሰሩ መጡ ወይ ላልሽው፣ አዎ መጥተው ነበር። ሄደዋል።

ልጅሽ


ከቤት፣ ጥቅምት 19

ስስቴ፣ የኔ እናት፣

እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን። ጉልበትሽስ ማለትሽ አይቀርም፤ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ይጮሃል፣ ስወርድ ዝም ይላል። ስለዚህ ፎቁን ትቼ አልጋዬን ታች ሱቁ ውስጥ አስገብቻለሁ። ከስፌት መኪናዬ ጋር ፊት ለፊት ተኝተን እናድራለን። ቅር አይበልሽ፣ ከስንቱ ሰው ይሻላል፤ አያንኮራፋም።

ለአክስትሽ እንዳልነግራት ያልሽው ደብዳቤ የደረሰኝ ከነገርኳት በኋላ ነው። የነገርኩት ለእሷ ብቻም አይደለም። ዳቦ ቤቱ ያውቃል፣ ፋርማሲስቷ ታውቃለች፣ በዚህ ወር ቀሚስ ያሰፉ ሙሽሮች በሙሉ ያውቃሉ። ምን ላድርግ? የሰው ወገብ ዝም ብዬ መለካት አልችልም፤ የሆነ ነገር ማውራት አለብኝ፤ ከአንቺ ሌላ ደግሞ ወሬ የለኝም። «ልጄ የትልቁ ቴሌስኮፕ ኃላፊ ልትሆን ነው፤ ፕሮፌሰሮቹ ሳይቀሩ እሷ ካልከፈተችላቸው ሰማይ አያዩም» እላቸዋለሁ። ዋሸሁ? አልዋሸሁም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ትናንት አክስትሽ ቀሚሷን ልትሞክር መጣች። የእግሩን ጫፍ ላሳጥርላት ተንበርክኬ፣ አፌን በስፒል ሞልቼ ነበር። ይህን ጊዜ ጠብቃ ከላይ ሆና «ልጅሽ ከሥራ ታግዳለች የሚሉት እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ። አፌን ብከፍት ስፒሉ ይረግፋል፣ ባልከፍት አመንኩ ማለት ነው። አንድ በአንድ እያወጣሁ መዳፌ ላይ ደረደርኳቸውና «ውሸት ነው» አልኳት። ወሬውን ያመጣው ልጇ ነው፤ እዚያ ዋና መሥሪያ ቤታችሁ ሒሳብ ክፍል እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። ፕሮፌሰሩን ሥራ አስፈትታ አባረረቻቸው፣ ስብሰባ ተቀምጠውባታል፣ አለ አሉ።

አንቺ ስለ አንድ ድመት ስትጽፊልኝ እንኳ ሁለት ገጽ የምትሞዪ ልጅ ነሽ። ይመጣሉ፣ ይመጣሉ እያልሽ ዓመቱን ሙሉ ያስጠበቅሽኝን ሰውዬ ግን «ሄደዋል» ብለሽ በአንድ ቃል ሸኘሻቸው። ያኔውኑ ልቤ ፈርቶ ነበር።

ንገሪኝ። ለእህቴ ዋሽቻለሁ ወይስ አልዋሸሁም?

እናትሽ


ከተራራው፣ ጥቅምት 27

እማዬ፣

እንደምን ነሽ? ሳልነግርሽ ስለቀረሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ከማንም ሳትሰሚ እኔ ልነግርሽ ይገባ ነበር። በዚያ በስፒል በሞላ አፍሽ መስማትሽ አንጀቴን በላው።

አልዋሸሽም፤ አልታገድኩም። ግን ከወንበሩ አስነሥተውኛል።

ፕሮፌሰሩ በመጡበት ሰሞን ትልቁ ደመና ውስጥ አንድ ኮከብ ፈነዳ። ይህ በሰው ዕድሜ አንዴ ቢያጋጥም ነው። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት እንዲህ ያለውን ነገር ነው፤ ሲጽፉበት ኖረዋል፣ በዓይናቸው ግን አላዩትም። ፈነዳ የተባለው እሳቸው እዚህ ደርሰው ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ነው። ሌሎች ቴሌስኮፖች ያሉባቸው ተራሮች ወይ ደመና ለብሰዋል ወይ ገና ቀን ላይ ነበሩ። በዚያች ሌሊት ከእኛ በቀር የሚያየው አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ብርሃን ደግሞ አይመለስም፤ በማግሥቱ ሌላ ነገር ይሆናል።

ከፈትኩላቸው። ከጎኔ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ብዙም ሳንቆይ እርጥበቱ ከመስመሩ አለፈ። ሰማዩ ላይ ጭረት ታህል ደመና የለችም። «እዘጋለሁ» አልኩ። የቀለድኩ መሰላቸው። ከዚያ ተቆጡ። ቁጣቸውስ ግድ የለም፤ በኋላ ግን ለመኑኝ፣ እሱ ነው የከበደኝ። «ልጄ፣ ቀና ብለሽ እዪ፣ ምን ይታይሻል?» አሉኝ። ዘጋሁት።

የቀረውን እውነት ለማንም ልነግር አልፈለግኩም ነበር፤ ለአንቺ ግን ልንገርሽ። ምንም አልሆነም። መለኪያው ከመስመሩ በላይ እንዳለ ነጋ፤ ግን ጉም አልመጣም፣ ጤዛ አልወረደም። ጠዋት ወጥቼ የበረንዳውን ብረት በእጄ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነበር። ክፍት ብተወው ኖሮ መስታወቱን ምንም አይነካውም ነበር፤ ሽማግሌውም የጠበቁትን ያገኙ ነበር። ይህን አስቤ አልቅሻለሁ።

ፕሮፌሰሩ ለጣቢያው ገንዘብ የሚመድበው ቦርድ አባል ናቸው። የሚፈልጉት ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ «በችኮላ ዘግቻለሁ። ስሕተት መሆኑን አምኜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ዳይሬክተሯ ራሷ አርቅቃ አመጣችልኝ። «ሕጉን እንደጠበቅሽ እኔም አውቃለሁ፤ ግን ሰላም እፈልጋለሁ» አለችኝ። ከፈረምኩ ዋና ኦፕሬተርነቱ የእኔ ነው። ካልፈረምኩ ከታኅሣሥ በኋላ ዋናው መሥሪያ ቤት ወርጄ ምድር ቤት መዝገብ ቤት እገባለሁ። እስከዚያው ከቀን ሠራተኞች ጋር የጉልላቱን ሐዲድ ግራሶ እቀባለሁ። ልጆቹ «በረኛዋ» የሚል ስም አውጥተውልኛል፤ በፍቅር ነው።

ተጸጽተሻል ወይ ብትዪኝ፦ ለሳቸው አዝኛለሁ። ነገር ግን ተሳስቼ ነው ብዬ ከፈረምኩ፣ ነገ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው መስመሩ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚያየው መለኪያውን ሳይሆን የእንግዳውን ፊት ይሆናል። አልፈርምም።

አዝነሽብኛል?

ልጅሽ


ከቤት፣ ኅዳር 8

የኔ እናት፣

ደብዳቤሽን አንብቤ መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ፣ ከዚያ ሻይ አፈላሁ። ይህን የምጽፍልሽ ከሻዩ በኋላ ስለሆነ በደንብ አድምጪኝ።

ፈርሚ።

ይቅርታ ማለት ለእኔ ሙያ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሙሽራ ሳለብስ ኖሬያለሁ። ልኳን ሰጥታኝ ሄዳ፣ እስከ ሠርጓ ወፍራ ትመጣና «አጥብበሽብኛል» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «ይቅርታ እመቤቴ፣ እጄ ተሳስቶ ነው» እላታለሁ። እጄ ምን አጠፋ? ምንም። እሷ ግን ደስ ብሏት ታገባለች፣ በሚቀጥለው ዓመት እህቷን ይዛልኝ ትመጣለች። ለአንዷማ ገና ከበር ስትገባ፣ ምን ልትለኝ እንደመጣች ሳላውቅ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ቀሪ ሒሳብ ልትከፍለኝ ነበር የመጣችው። አንቺን አስተምሬ ለወግ ያበቃሁሽ በዚህ አፌ ነው፤ አፌም አልቀነሰም።

ሁለት መስመር ነው እኮ። ሞት አይደለም። ዳይሬክተሯ ታውቃለች፣ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ሰውዬውም ልባቸው ያውቃል። ወረቀቱ ወረቀት ነው። ኩራትሽን እወድልሻለሁ፤ እኔም ካላንቺ የምኮራበት የለኝም። ግን ከዚያ ተራራ አውርዶ ምድር ቤት ፋይል ካስደረደረሽ ምኑ ላይ ነው ኩራቱ? ለሰው ምን እላለሁ? ልጄ ልክ ስለሆነች ወረደች ብዬ ላስረዳ? አክስትሽ ያንን እስክትረዳ እኔ አርጃለሁ።

አዝነሽብኛል ወይ ላልሽው፣ አንቺ ላይ አላዘንኩም፤ ያዘንኩት ለአንቺ ነው። አልፈርምም ካልሽም ግድ የለም፣ እናት ያለሽ ልጅ ነሽ። ዝም ብለሽ ግራሶሽን ቀቢ። ስትቀቢ ጓንት አድርጊ።

እናትሽ


ከተራራው፣ ኅዳር 24

እማዬ፣

ሰላምታ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ዛሬ አልወጣልሽም አለኝ።

ትናንት ዳይሬክተሯ አስጠራችኝ። ፊቷ በርቶ ነበር። «በቃ አለቀ፤ ፕሮፌሰሩ ይበቃኛል ብለዋል፤ እናትሽ ከአንቺ ይሻላሉ» ብላ አንቺ ለፕሮፌሰሩ የጻፍሽውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አደረገችልኝ። ፊደልሽን ከሩቅ አወቅሁት። «ልጅ ናት፣ አላወቀችም፣ አባት ሳይኖራት ያሳደግኳት ናት፣ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ።» አድራሻቸውን ከአክስቴ ልጅ እንደወሰድሽ ገብቶኛል። የኔን ጉዳይ ከማን ጋር እንደተማከርሽበት ሳስብ ደግሞ ምን ልበልሽ።

እግራቸው ላይ አልሽ። አንቺ። ሙሽራ ስትለኪ እንኳ የምትንበረከኪው ለጨርቁ ነው፣ ለሴትየዋ አይደለም፤ እኔ እንደዚያ ነው አይቼሽ ያደግኩት።

የዋና ኦፕሬተሩን ቢሮ ቁልፍ ሰጠችኝ። እጄ ላይ ያዝኩት፤ ደስ የሚል ክብደት አለው። ከዚያ መለስኩላት። «ይቅርታው የኔ አይደለም፤ የኔ ባልሆነ ይቅርታ ሹመት አልቀበልም» አልኳት። በኋላ ለፕሮፌሰሩ በራሴ እጅ ጻፍኩላቸው፦ እናቴ የጻፈችው እኔን አይመለከትም፤ ሌሊትዎ ስለጠፋ አዝናለሁ፤ ያው የእርጥበት ቁጥር ዛሬ ቢመጣ ዛሬም እዘጋለሁ። በሐሙሱ መኪና ወረደ።

ዳይሬክተሯ ከእንግዲህ ልታድነኝ እንደማትችል ነግራኛለች። ሹመቱ ረዥሙ እያልን ለምንጠራው ኦፕሬተር ተሰጥቷል። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አልከፋኝም።

የከፋኝ ሌላ ነገር ነው። ልክ ነሽ ብሎ ከጎኔ የሚቆም አንድ ሰው ቢጠፋ አንቺ አለሽ ብዬ ነበር።

ልጅሽ


ከቤት፣ ታኅሣሥ 3

የኔ እናት፣

ሰላምታ ስለነፈግሽኝ እኔም አልሰጥሽም ብዬ ነበር። አልቻልኩበትም። እንደምን ነሽ? ብርዱ እንዴት ነው?

እንደ ልማዴ ይቅርታ ልልሽ ብዕሬን አንሥቼ ቆምኩ። ያ ቃል በእኔ አፍ ዋጋው እንደረከሰ ያን ጊዜ ገባኝ። ለሁሉም ስሰጠው ኖሬ ለልጄ ሲሆን ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ምን እንደሆንኩ ብቻ ልንገርሽ። ፈራሁ። አባትሽ ከሞተ ወዲህ ትልቅ ሰው በተቆጣ ቁጥር እፈራለሁ፤ ፍርሃቴን ደግሞ ትሕትና እያልኩ ስጠራው ኖርኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

የጥቅምቱን ደብዳቤሽን መልሼ አነበብኩት። መስመሩ ሲያልፍ መለኪያውን ሳይሆን የእንግዳውን ፊት ስለሚያይ ሰው የጻፍሽውን። መጀመሪያ ሳነበው ስለ ቴሌስኮፕ መስሎኝ አልፌው ነበር። ያ ሰው እኔ ነኝ። ሜትሬ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ፊት ሳይ ነው የኖርኩት።

ትናንት የሚከተለውን ለፕሮፌሰሩ ላክሁ። የአክስትሽን ልጅ አላማከርኩም። ግልባጩ ይኸው፦

«ክቡር ፕሮፌሰር፣ በኅዳር ወር በእኔ እጅ የተጻፈ ይቅርታ ደርሶዎታል። እባክዎ እሱን መልሼ ልውሰደው። የጻፍኩት ልጄ ስላጠፋች ሳይሆን እኔ ስለፈራሁ ነው። ልጅ ናት ብዬዎታለሁ፤ ልጅ አይደለችም፣ ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት። አባት የላትም ብዬዎታለሁ፤ እውነት ነው፣ ግን ከጉልላቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። እግርዎ ላይ እወድቃለሁ ያልኩትም ይቅርብኝ፤ ጉልበቴ አይፈቅድልኝም፣ ልጄም አልወደደችውም። ሌሊትዎ ስለጠፋብዎ ከልብ አዝናለሁ። ማዘን ግን ሌላ ነው፣ ማጥፋት ሌላ። ለፊትዎ ብላ ብትከፍትልዎ ኖሮ ያን ዕለት ይመርቋት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን መቼም አያምኗትም ነበር። ልብስ ሰፊዋ።»

የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ ማኅተሙን ስትመታበት ቆሜ አየሁ። ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ አክስትሽ ቤት ሄድኩ። በር ላይ እንደቆምኩ «ልጄ ከወንበሯ ተነሥታለች፤ ልትወርድ ነው፤ ምክንያቱም ልክ ነበረች» አልኳት። ግቢ አለችኝ፤ አልገባሁም፣ ሥራ ነበረብኝ።

እኮራብሻለሁ። ስትሾሚ ልኮራብሽ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሳትሾሚ ይብሳል።

እናትሽ


ከተራራው፣ ታኅሣሥ 22

እማምዬ፣

እንደምን ነሽልኝ? ደብዳቤሽን መጀመሪያ ቆሜ አነበብኩት፤ «ጉልበቴ አይፈቅድልኝም» የሚለው ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፣ ረዥሙ ምን ሆንሽ አለኝ፣ ሰጠሁት፣ አነበበ። አሁን ምግብ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል። ወጥ ቤቱን የሚመራው ሰውዬ በማያገባው ነገር ልብስ ሰፊዋ ትኑር ብሎ ብርጭቆ አነሣ። ቅር እንዳይልሽ።

ባለፈው የጻፍኩልሽን መጨረሻውን ሰርዢልኝ። ከጎኔ የሚቆም ሰው ጠፋ ያልኩትን። ተናድጄ ነበር። ከአንቺ በላይ የቆመልኝ የለም፤ ካፈርሽበት ነገር መመለስ ለእኔ ከመዝጋት የበለጠ ከባድ ይመስለኛል። የቴሌስኮፕ መዝጊያ ሞተር አለው።

መለሱልሽ ወይ ብትዪኝ፣ ለእኔም አልመለሱም። የሚመልሱም አይመስለኝም። እቃዬን በሁለት ካርቶን አሥሬያለሁ። የምወርደው ጥር ሲገባ ነው። ትላንት ሐዲዱን ለመጨረሻ ጊዜ ቀባሁት፤ ጉልላቱ እንዲህ ለስላሳ ሆኖ ዞሮ አያውቅም፣ ድምፁ አይሰማም። ይህን በጉራ ነው የምነግርሽ።

ስወርድ በአንቺ በኩል አልፋለሁ። መዝገብ ቤቱ ሰው ካስፈለገው ትንሽ ይጠብቅ።

ልጅሽ


ከቤት፣ ጥር 14

የኔ እናት፣

ደብዳቤሽ በምሳ ሰዓት ደርሶኝ እስካሁን ምሳዬን አልበላሁም። በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ መልሼ ልንገርሽ፣ ከተሳሳትኩ አርሚኝ።

ካርቶኖችሽን መኪና ላይ ስትጭኚ ዳይሬክተሯ እየሮጠች መጣች። ፕሮፌሰሩ ደውለዋል። እሳቸውና ተማሪዎቻቸው ዘጠኝ ዓመት ለፍተው የሠሩት አዲስ መሣሪያ አልቋል፤ ከመስታወቱ ሥር የሚገጠም ነው፤ በየካቲት ይዘውት ይመጣሉ። መስታወቱ ከጸጉር የቀጠነ ልባስ እንዳለው ሁሉ የሳቸው መሣሪያ ውስጥ ያሉት ሌንሶችም ልባስ አላቸው፤ እርጥበት ሲነካቸው ከመስታወቱም ይብሳሉ። «ያቺ የዘጋችብኝ ልጅ ወንበሩ ላይ ካልተቀመጠች መሣሪያዬ ከሳጥኑ አይወጣም» አሉ። ዳይሬክተሯም «ይቅርታውስ?» ብትላቸው «ከእናቷ ሁለት ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ሁለተኛውን አስቀምጬዋለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ልክ ነኝ?

ይገርማል ሰው። የመንግሥት መስታወት ሲሆን ክፈቺ፣ የራሳቸው ሌንስ ሲሆን ዝጊ። እንግዲህ አልፈርድባቸውም። አንቺ ግን ይቅርታ አልጠየቁኝም ብለሽ ቅር እንዳይልሽ። አንቺም አልጠየቅሻቸውም፤ ተስማምታችኋል ማለት ነው።

ሹመቱን ለረዥሙ እንዲተዉለት መጠየቅሽን ወድጄዋለሁ። የነጠቁትን ሹመት ማን ይፈልገዋል? አንቺ ወንበርሽ ይበቃሻል።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ይነሣኛል። ሰውዬው ከጎንሽ ተቀምጠው፣ ያ የዘጠኝ ዓመት ልፋታቸው ተገጥሞ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ መስመሩ እንደገና ቢያልፍስ? አትመልሺልኝ። የአንቺን አውቀዋለሁ። የማላውቀው የሳቸውን ነው።

እናትሽ


ከተራራው፣ የካቲት 17

እማዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ? እኔ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ያጣሁት በደህና ነው።

ምን ለብሰው መጡ ማለትሽ አይቀርም፣ ያንኑ ሁሌ የሚለብሱትን አሮጌ ሹራብ፤ ክርኑ ተቀዷል፣ አንቺ ብታዪው እጅሽን ያሳክክሽ ነበር። ሰላም አሉኝ፣ ሰላም አልኳቸው። ስላለፈው አላነሡም፣ እኔም አላነሣሁም። መሣሪያውን ቀን በክሬን ስናወጣ፣ ብሎኑ እስኪጠብቅ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። እኔም ይዤ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ጥሩ ነበሩ። የፈነዳው ኮከብ አሁን ደብዝዟል፤ ግን የወጣው አቧራ ዙሪያውን ሲሰፋ በሳቸው መሣሪያ ይታያል። ስክሪኑ ላይ የመጀመሪያውን ሥዕል ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ሹራባቸው ላይ ጠርገው መልሰው አደረጉት። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ይህን በማየቴ ኮራሁ፤ እንዲህ ስልሽ አላፍርም።

ትናንት ማታ የፈራሽው መጣ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሥራው ገና አጋማሽ ላይ ነው፣ እርጥበቱ ወደ መስመሩ መውጣት ጀመረ። ፊታቸውን አላየሁም፤ መለኪያውን ነበር የማየው። አለፈ። «እዘጋለሁ» ልል አፌን ስከፍት ከጎኔ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። የመሣሪያውን ክዳን የሚያወርደውን ቁልፍ ራሳቸው ተጭነውት ነበር። ቃሉን ግን አልኩት፤ ማለት አለብኝ። ጉልላቱን ዘጋሁት። መዝጊያው እስኪቆም ጠበቅን። ከዚያ ሻይ ጠጣን፤ ስለ ልጅ ልጆቻቸው አወሩልኝ።

ቁጥሩ እስኪነጋ አልወረደም። ሲነጋ አብረን ወጣን። ሰማዩ ሌሊቱን ሙሉ እንደዚያው ጠርቶ ነበር ያደረው፤ አንድ ጉም አልመጣም። ፕሮፌሰሩ ደጅ የቆመውን መኪና መስታወት በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«አልረጠበም» አሉ።

«አልረጠበም» አልኳቸው።

ጣታቸውን ጥቂት አዩትና «በይ፣ ማታ እንገናኝ» ብለውኝ ሊተኙ ሄዱ።

ልጅሽ